በአካል ይቅረብ

ለልጄ፣

ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር ተረዳልኝ። አንተና የልጅህ እናት ስላልተጋባችሁ፣ ልጅቷ ያንተ መሆኗን ሰፈሩ ሁሉ ቢያውቅም ሕግ አያውቅም። እንዲያውቅህ ሁለታችሁ የልደት መዝጋቢዋ ፊት ቆማችሁ አንድ ፎርም ላይ መፈረም አለባችሁ። ያለዚያ ያለው መንገድ ፍርድ ቤት ነው፤ እሱ ወራት ይፈጃል። እኛ ደግሞ ጊዜ የለንም።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? የድልድዩ ሥራስ? ወንዙ ሞላ የሚል ወሬ ሰምቼ ነበር። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

የልጅህ እናት ሐሙስ ቀዶ ጥገና ትገባለች። ክፉ ከገጠማት ልጅቷን የሚወስዳት ወንድሟ ነው። እሱም ልጅቷ ደጃችንን ዳግም እንደማትረግጥ ከወዲሁ ምሎልኛል። ስለዚህ ለሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቀጠሮ አስይዣለሁ፤ እናቷን ከሆስፒታል ደግፌ አመጣታለሁ። ባንተ ፈንታ ልፈርም ብዬ መዝጋቢዋን ለምኜ ነበር። «አባቴ፣ እርስዎ አያት ነዎት። አባትነት በውክልና አይሆንም። ልጅዎ ጥላ ነው እንዴ? በአካል ይቅረብ!» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ። ቤቴ ስደርስ ግን ሳቁ ጠፋብኝ።

ልጅቷ እናቷ ከተኛች ወዲህ እኔ ዘንድ ናት። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ልክ ዘጠኝ ከአሥር ሲሆን መጫወቻዋን ጥላ ወደ በሩ ትሮጣለች። «አባዬ መጣ» ትላለች። ታዲያ ለምን አይገባም አልኳት። «ጫማው ረጥቧል፤ ወለሉን አበላሻለሁ ይላል» አለችኝ። እናትህ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስንት ዘመን የጮኸችብህን ነገር ይህች የአራት ዓመት ልጅ ከየት አመጣችው?

አመሌን ታውቃለህ፤ ሳላጣራ አላምንም። ሠላሳ አራት ዓመት የተማሪ ስም ስጠራበት በኖርኩት ዓይነት መዝገብ አሰመርኩና ቀንና ሰዓት ያዝኩ። አሥራ አንድ ቀን፤ አንድም ደቂቃ ዝንፍ አላለም። ትናንት ጠመኔ ፈጭቼ ደጃፉ ላይ በተንኩ። ዘጠኝ ከሩብ ላይ ብወጣ ጠመኔው ረጥቦ ሊጥ ሆኗል። እዚህ ዝናብ ካየን ሁለት ወር አልፎናል። የቀኝ እግሩ ዱካ ሙሉ ነው። የግራው ተጎትቷል፤ በልጅነትህ ከዛፍ ወድቀህ ከተሰበርክ ወዲህ እንደምትጎትተው። የመጣበት አለ፤ የተመለሰበት የለም።

ፎርማንህ ጋ ደወልኩ። «ትንሽ ይታገሡን፣ አባባ» አለና ዘጋው። የምታገሠው ምኑን እንደሆነ አልነገረኝም።

በመዝገቤ ከስምህ ትይዩ ያለው ቦታ እስካሁን ባዶ ነው። «ቀሪ» ብዬ ልጽፍ እጄ እምቢ አለ፤ «ተገኝቷል» ማለቱንም ፈራሁ።

ልናዘዝልህ። እኔም ላንተ የፈረምኩት ሰባት ዓመት ሞልቶህ ትምህርት ቤት ላስገባህ ስል ነው። ያን ሁሉ ዓመት ነገ፣ ነገ እያልኩ። ይህን ከእኔ አትውረስ።

ዛሬ ልጅቷ «አባዬ የት ነው የሚፈረመው ይላል» አለችኝ። ከፖስታ ቤቱ ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮት አራት ነው።

ይህን ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ጽፌዋለሁ። አንዱን ወደ ሥራ ቦታህ ለሚሄድ ሹፌር ሰጥቼዋለሁ። ሁለተኛውን ከደጃፉ ድንጋይ ሥር አድርጌዋለሁ።

ያለህበት ደረቅ ይሁንልህ፤ እግርህን መሬት ያጽናልህ፣ ልጄ። እባክህ ሰኞ ሳይደርስ መልስልኝ፤ በልጅቷ አፍ ሳይሆን በገዛ እጅህ ጽፈህ።

አባትህ