ሽመላውን የጋረደችው ላም

ሐሙስ፣ ኅዳር 14 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ከሚሴ

ዛሬ የጨፋ ሕዝብ ቀበሌው አዳራሽ ተሰብስቦ ከብቱ የሚግጥበት ረግረግ ደርቆ ይታረስ ወይስ ይቅር ሲል ተከራከረ። እኔም በፌስቡክ "የረግረጉን ሽመላ እያነሳችሁ ላኩልኝ" ብዬ ያሰባሰብኳቸውን ፎቶዎች አሳጥቤ ገመድ ላይ ሰቀልኳቸው።

እውነቱን ለመናገር ፎቶዎቹ አናደውኝ ነበር። ወፍ አንሱ ስል ሁሉም ላሙን አንስቶ ልኮልኛል! ሽመላው ከቀንድ ኋላ ተደብቆ ነው የሚታየው። የባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ ይህን መስቀሌ አሳፍሮኝ ነበር።

ይታረስ ባዮቹን የሚመሩት ሼህ ሰይድ ፎቶዎቹን እያዩ መጥተው አንዱ ጋ ቆሙ።

"ወላሂ፣ ይቺ ዳለቻ ናት! የኔ ላም!"

"አዎ ሼህዬ፣ ልጅዎ ናት የላከችልኝ።"

"ከኋላዋ ያለውስ?"

"ሽመላ ነው። በየዓመቱ ከባሕር ማዶ እየመጣ ዳለቻ የምትግጥበት ቦታ ላይ ይከርማል።"

ጎንበስ ብለው ሽመላውን አዩት። ሌላውም የየራሱን ላም ፍለጋ ገመዱ ሥር ተጋፋ። ይታረስ የሚል ሰው ጠፋ! ውሳኔው ለሳምንት ተቀጠረ። ያኔ ምን እንደሚወስኑ አላውቅም፤ ግን እንደዛሬ ኮርቼ አላውቅም።

ሼህ ሰይድ ፎቶዋን ለምነው ወሰዱ። ስንወጣ በር ላይ ለአንዱ ሲያሳዩ ሰማኋቸው፦ "ይቺ ዳለቻ ናት። ይሄ ደግሞ እንግዳዬ ነው።"