ኮምፒውተሩ የጠረገው ደብዳቤዬ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018

ዛሬ የሱቁ ኮምፒውተር ሞልቻለሁ ብሎ ቆመ። ጽሑፉን ማን አነበበው? እኔ! በማታ ትምህርት ፊደል ከቆጠርኩ መንፈቅ ሳይሞላኝ «ጊዜያዊ ፋይሎችን በራስ-ሰር አጽዳ» የሚለውን አንብቤ ነካሁት። ወዲያው ተነፈሰ። ባለሱቋን እትዬ ዘይነባን «ከዛሬ ጀምሮ ኢንጅነር በሉኝ» አልኳቸው።

ከዚያ ነገ ቡታጅራ በሚሄድ ዘመድ ለእናቴ የምልከውን፣ እዚያው ኮምፒውተር ላይ የጻፍኩትን የመጀመሪያ ደብዳቤዬን ብፈልግ የለም! የቅርጫት ሥዕል ያለበት ውስጥ ነበር ያስቀመጥኩት። እኛ ሱቅ ደንበኛ መርጦ «መጣሁ» ያለበትን ጨርቅ ቅርጫት ውስጥ አይደል የምናቆይለት?

«ኢንጅነር፣ ያ እኮ የቆሻሻ ነው! ሲጸዳ አብሮ ተጠረገ!» ብለው እትዬ ዘይነባ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ደግነቱ፣ መጻፍ ሳልችል ስንት ዓመት ሁሉን በጭንቅላቴ ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን ቃል በቃል በእስክሪብቶ ጻፍኩት። «እማዬ፣ ይህን ራሴ ጻፍኩት» የሚለውን ብቻ ሁለት ጊዜ አደረግኩት። ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ እኮ!