ጾሜና ትንፋሼ

ሰኞ
ልቤ ይዘላል። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ፊደሌ አላማረም፤ ያሳደጉኝ መምህራን ቢያዩት በማስመሪያ ጣቴን ባሉኝ ነበር። የአስሜን ክኒን፣ ቲዮፊሊኑን፣ ከዋጥሁ ገና አንድ ሰዓት አልሞላም። ጠዋት ደግሞ ደረቴ ተዘግቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነው የነጋልኝ። ከቆሼ፣ ከቆሻሻ መጣያው በኩል ጭሱ ይመጣል። ግን ጭሱ ዱሮም ነበረ፤ በሱ አላመካኝም።

ሐኪሙ ለዓርብ ቀጥሮኛል። «እናቴ፣ አስምዎ የሚለቅ ዓይነት አይደለም። ለሁልጊዜ የሚወስዱትን አንዱን እንምረጥ» ብሎኛል። ልጅ ነው፤ ግን ሲናገሩት ይሰማል።

ማክሰኞ
እስካሁን የሞከርኋቸውን ሦስቱን ለዓርብ በሥርዓት ላስብ።

ፕሬድኒሶሎን። በሁለተኛው ቀን ደረቴ ተከፈተ፤ ዳገቱን ሳላርፍ ወጣሁት። ኋላ ፊቴ እንደ ሙልሙል ተነፋ። ክንዴን የነካኝ ሁሉ ያበልዘኛል። ስኳር ከቀበሌ ሱቅ ጠፍቶ በኔ ሽንት ውስጥ ተገኘ። ለዓመታት ከተወሰደ አጥንት ይበላል ብሎኛል ሐኪሙ።

በአፍ የሚሳበው፣ የእህቴ ልጅ ከውጭ ያመጣችልኝ። ወዲያው አይሰማም፤ ውሎ አድሮ ነው የሚይዝ። ድምፄን ከማሻከሩ በቀር አልበደለኝም። አለቀ። እዚህ በየትኛውም መድኃኒት ቤት የለም። ስለሌለ ነገር ምን እጽፋለሁ።

ቲዮፊሊን። ይገኛል፣ ዋጋውም ደህና ነው። ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፣ ከምግብ በኋላ። ጾም ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም፤ የጠዋቷንና የቀኗን ባንድ ላይ እውጣለሁ። ያቅለሸልሸኛል፣ ልቤን ያስሮጠዋል፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ጭራሽ እንዳልወሰድሁ ነኝ። ቅዳሜና እሑድ ትንሽ ይሻለኛል፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

አልረባኝም ልለው ነው። እንግዲህ የቀረኝ ያ አጥንት የሚበላው ነው።

ረቡዕ
ለኪዳን ወጥቼ ከግማሽ መንገድ አላለፍሁም። አጥር ይዤ ቆሜ ሳጣጥር ያገኘችኝ ሙሉነሽ ናት፣ ደባሌ። ጴንጤ ናት፤ ጾም አታውቅም። ጠዋት ሻይና ዳቦዋን በልታ ነው ወደ ፋብሪካ የምትሄደው። ጾሙ ሲገባ «በርሽን ዝጊ፤ ሽታው ለጾመኛ ፈተና ነው» ብያት ነበር። «እሺ እማማ፣ ሻዩንም ዝም በል እለዋለሁ» አለችኝ፣ ባለጌ።

ዛሬ ደግፋ ቤት አስገባችኝ። ሰርቪሷ አመለጣት። አላመሰገንኋትም፤ ትንፋሽ አልነበረኝም። አሁን አለኝ፤ አሁንም አላመሰገንኋትም።

ሐሙስ
ምንም። ትራስ ደራርቤ ዋልሁ። የመኖር ትርጉሙ አየር መሳብ ብቻ ከሆነ ያንኑም አልቻልሁበትም።

ዓርብ
ሐኪሙ ጋ ደረስሁ። አልረባኝም አልሁት።

«በስንት በስንት ሰዓት ነው የሚውጡት?»

ነገርሁት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ሁለቱን ባንድ ላይ? እናቴ፣ ልብ ይጎዳል እኮ!»

አስረዳኝ። ከማታ እስከ ማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት መድኃኒቱ ከደሜ ይጠፋል፤ ጠዋት የምታፈነው ለዚህ ነው። ከዚያ ሁለቱ ባንድ ጊዜ ሲገቡ ልቤ ይዘላል። ቅዳሜና እሑድ የሚሻለኝ እስከ ዘጠኝ ስለማልጾም ነው። ፕሬድኒሶሎን በቀን አንዴ ስለሆነ ጾሙ አልነካውም። ሁለቱን እኩል አልመዘንኋቸውም ማለት ነው። እኔ! ሰውን ሁሉ በሥርዓት ጉድለት የምቆጣ!

«እንደ ታዘዘው እንደገና ይሞክሩት። ካልያዘልዎ ወደ ፕሬድኒሶሎን እንመለሳለን፤ ሌላ የለኝም።»

«ጾም ነው» አልሁት።

«እሱን የነፍስ አባትዎን ይጠይቁ። እኔ የሳንባ ነኝ።»

ቅዳሜ
የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድሁ። እንዲከለክሉኝ ፈልጌ ነበር መሰለኝ።

«ወለተ ማርያም፣ የታመመ ሰው ሰዓት አይጠብቅም። ቀምሰሽ ዋጪ።»

«አባቴ፣ ከልጅነቴ አጉድዬ አላውቅም።»

«አልታዘዝም ካልሽ የምትጾሚው ለማን ነው?»

ባሌን ሞት ወሰደው፤ ቤቶቼን አዋጅ። ጾሜን ግን እስከ ዛሬ ማንም አልነካብኝም ነበር። መንገድ ላይ አለቀስሁ። ሲያለቅሱ ደግሞ ደረት ይብሳል።

ሰኞ
ትናንት እሑድ ስለሆነ አልከበደኝም። ዛሬ ነው ነገሩ።

ጠዋት ዳቦ ቆርሼ ተቀመጥሁ። ብቻዬን መብላት አቃተኝ፤ ሌባ ሌባ መሰልሁ። ዳቦዬንና ክኒኗን በመዳፌ ይዤ የሙሉነሽን በር አንኳኳሁ። እጄን አየችው።

«ይግቡ እማማ።»

በሩን መለሰችው፣ መቀርቀሪያውን ጣለችው፣ መጋረጃውንም ሳበችው።

«አይሥጉ። ቤተ ክርስቲያናችን በመንግሥት ከታሸገ ጀምሮ እኛ በር ዘግተን ነው የምንጸልየው። ቁርስማ ምን አላት!»

ሳቄ መጣ፤ ወደ ሳል ተለወጠ። ዳቦዬን በሻይዋ አወረድሁት። ክኒኗን ዋጥሁ። ያን ጊዜ ነው ስለ ረቡዕ ያመሰገንኋት።

«ነገ እኔ አልጋዎ ድረስ አመጣልዎታለሁ» አለች።

«አይሆንም» አልሁ። «የሚበላ ሰው በእግሩ ይምጣ።»

የቀኗን በቀን፣ የማታዋን በማታ ወሰድሁ። ልቤ አልዘለለም። ደረቴ ግን ያፏጫል። ሐኪሙ ቢያንስ ሳምንት ይታገሡ ብሎኛል፤ መታገሥስ እችል ነበር። ነገ ጠዋትም ከታፈንሁ ግን ጾሜንም ትንፋሼንም ባንድ ላይ አጣሁ ማለት ነው።