ጭንቅላቱ የተቆረጠው ዓሣ

ጋስፓሬ፣

ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለውን ሰላጣ አትንካ፤ ለድመቷም አትስጥ። እኔን በጀልባ ወደ ትራፓኒ ሐኪም ቤት ሊወስዱኝ ነው።

ትናንት አጎት ኑንዚዮ ዓሣውን ቆዳውን ገፎ፣ ጭንቅላቱን ቆርጦ ሰጠን፤ ቢላ ለማላውቀው ለእኔ ለመምህሩ ያደረገው አክብሮት ነበር። አንተ «መምህር፣ ፊቱን ያላየሁትን እንግዳ ሆዴ አላስገባም!» ብለህ ስትቀልድ፣ «በዚህች ደሴት ዓሣ አጥማጅ የሰጠህን ዓሣ ስሙን አትጠይቅም» ብዬ ገሠጽሁህ።

ዛሬ ዓሣውን ሐኪምህ ካዘዘው ያልተነፋ ስንዴ ፓስታ፣ ከቲማቲምና ከወይራ ፍሬ ጋር ሰላጣ አድርጌ አዘጋጀሁት። ለደም ግፊትህ ስል ጨው አልጨመርሁም። ግማሽ ሳህን ያህል ቀመስሁ። በመጀመሪያ ከንፈሬ ደነዘዘ፤ አሁን ብዕሩን የያዙት ጣቶቼም እየደነዘዙ ነው።

ወደቡ ላይ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያ መርዛማውን ዓሣ በጥርሱ ለዩት ይላል። ለእኛ የደረሰን ግን ጥርስ አልነበረውም፤ የአጎት ኑንዚዮ ዓይንም ደክሟል።

ዓሣ ያልነካው ፓስታ በድስቱ ውስጥ ተርፏል፤ የቆርቆሮ ቱናው ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው። እራትህ ግን ይቆይ።

አጎት ኑንዚዮ የዓሣውን እኩሌታ ለራሱ እራት አስቀርቷል። ደጋግሜ ደወልሁለት፤ አያነሣም። ይህን አስቀምጠህ ሩጥ። ማዕድ ላይ ብትደርስ አትፈር፤ ሳህኑን ከፊቱ አንሣ፤ ከዚያም እኔ እንዳትጠይቅ የከለከልሁህን ጠይቀው።

ኤቶሬ