አሳንሰር ውስጥ ስላልቀሩት ሃያ አራት ሰዎች

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የዕቅድ፣ በጀትና አፈጻጸም ምዘና ዳይሬክተር

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ዓመታዊ ሪፖርትዎ ዘጠና ስምንት ከመቶ እንዲሆን፣ ሰባተኛ ፎቅ ወዳለው ቢሮዎም በእግርዎ የሚወጡበት ቀን እንዳይመጣ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ በክፍልዎ ውስጥ የሰውን ሥራ ወደ መቶኛ ስቀይር አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆየሁ ባለሙያ ነኝ። በዚህ ዕድሜ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ደብዳቤ መለጠፍ ያሳፍራል። ነገር ግን የአሳንሰር ጠጋኛችን በዝቅተኛ አፈጻጸም ከተሰናበተ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው፤ ቅሬታ የሚቀርበው ደግሞ እስከ አሥረኛው ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ ፍትሐዊነትዎ። የጠጋኙ የዓመት ዕቅድ «አሳንሰር ውስጥ የቀሩ ሃያ አራት ሰዎችን ማውጣት» ይል ነበር። ክንውን፦ ዜሮ። ሠራተኛው «ጆሮ» እያለ የሚጠራው ይህ ሰው በየማለዳው ሕመምተኛ ሳይመጣ በሩ ላይ ተለጥፎ የገመዱን ድምፅ ሲያዳምጥ፣ የላላውን ሲያጠብቅ፣ ግራሶ ሲቀባ፣ አንድም ሰው ሳይቀርበት ዓመቱ አለቀ። እንዲህ ያለው ስንፍና በዝምታ መታለፍ እንደሌለበት ያስተዋሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ሁለተኛ፤ ስለ ቁጠባዎ። ላልተበላሸ ዕቃ የጥገና በጀት መያዝ ብክነት ነው በማለት የመጪውን ዓመት ግራሶና ገመድ ሰርዘው፣ በጀቱን ለአፈጻጸም ምዘና ሥልጠና አዛወሩት። ሥልጠናው ላይ ነበርኩ። ወንበሩ ምቹ ነበር። ስለ ውጤታማነት አጨበጨብን።

ሦስተኛውን ልዝለለው።

አራተኛ፤ ስለ ትዕግሥትዎ። ጠጋኙ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቢሮዎ ቆሞ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲያስረዳ፣ ሰዓትዎን ያዩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በመጨረሻ «ጌታዬ፣ ቁጥሩ እንዲሞላልኝ ሰው ልቆልፍበት እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። እርስዎም ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ቅጹ ላይ ቦታ እንደሌለ በትሕትና ገለጹለት። እኔ ጥግ ይዤ ቃለ ጉባኤ እጽፍ ነበር። ጥያቄውን አልጻፍኩትም። ሲወጣ በአጠገቤ አለፈና «አንተ እንኳ ታውቃለህ፣ ወንድሜ» አለኝ።

አውቃለሁ።

ሦስተኛው ይኸው ነው። መለኪያውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አምና፣ ከምሳ በፊት ይድረስ ተብዬ፣ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤትን ቅጽ ገለበጥኩ። «እሳት ውስጥ» የሚለውን አጠፋሁ። «አሳንሰር ውስጥ» ብዬ ጻፍኩ። ሃያ አራቱን ሳልነካው ተውኩት። እርስዎም ሳያነቡት ፈረሙበት፤ ለሥራዬም ዘጠና ስድስት ሰጡኝ። የምስክር ወረቀቱ በመስታወት ገብቶ ሳሎናችን ተሰቅሏል። ባለቤቴ አቧራውን ስትጠርግ ፊቴን አዞራለሁ።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው፦ የእሱ ዜሮ ይሰረዝ፤ የእኔ ዘጠና ስድስት ይነሣ። ለዚህም በማንኛውም ጉባኤ ፊት ቀርቤ ቃሌን እሰጣለሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ቃለ ጉባኤውን ሌላ ሰው ይያዝልኝ።

በመቶኛ ሊገለጽ ከማይችል አክብሮት ጋር፣
ቅጹን የገለበጠው ባለሙያዎ

ግልባጭ፦ ለምድር ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ

ማሳሰቢያ፦ ይህቺን የምጨምረው በአራተኛውና በአምስተኛው ፎቅ መካከል ቆሜ ነው። ደብዳቤውን ላደርስልዎ ስወጣ አሳንሰሩ ቀጥ አለ። አብረውኝ በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ራጅ የሚሄዱ እናት አሉ፤ «ልጄ፣ የሚያወጣን ሰው የለም?» ይሉኛል። ነበረ፣ አልኳቸው። በሩ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ፤ እሱ ምኑን ያዳምጥ እንደነበር ግን አላውቅም። ለማንኛውም እንኳን ደስ አለዎት፤ ከሃያ አራቱ ሁለታችን ተገኝተናል። የቀረው ማውጣቱ ነው። የሰውየው ስልክ ቁጥር እርስዎ በፈረሙበት የስንብት ደብዳቤ ግርጌ ላይ አለ።