ያልሮጥንለት ልጅ

ይድረስ ለልጄ፤ እግዚአብሔር በምትሄጂበት ሁሉ ይቅደምልሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ የስፌት መኪናዬም እንደኔው እያቃሰተች ትሠራለች።

ባለፈው እሑድ የሰፈሩ ሰው ለጎረቤታችን ለመካኒኩ ልጅ ሮጠ። ሕመሟ ወንድምሽን የወሰደው ያ ጡንቻ የሚያመነምነው በሽታ ነው። የሚዋጣው ገንዘብ መድኃኒቱን ለሚፈልጉ ተመራማሪዎች ነው አሉ። የሯጮቹን ቁጥር ካናቴራው ላይ የሰፋሁት እኔ ነኝ። አባቷ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋት ሲሮጥ፣ "አባዬ፣ ቀደሙን እኮ! ነዳጅ ጨረስክ እንዴ?" ስትለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ወንድምሽን አስቤ ፊቴን አዞርኩ።

እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ ወንድምሽን ጓዳ እዘጋበት ነበር። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "ለሰው እንንገር፣ የሚረዳን አይጠፋም" ስትለኝ፣ "ገመናዬን አደባባይ አታውጪ" አልኳት። እግዚአብሔርን የፈራሁ ይመስለኝ ነበር፤ የፈራሁት ጎረቤትን ነው።

ሩጫው ሲያልቅ የወንድምሽን ነገር ለመካኒኩ ነገርኩት። አፍጥጦ አየኝና፣ "ጋሼ፣ ይሄን በሽታ የሚያውቅ ሰው አጣሁ እያልኩ ሳለቅስ አጥር ማዶ ሆነው ይሰሙኝ ነበር?" አለኝ። በማግስቱ ግን መጥቶ፣ "ለከርሞ ካናቴራው ላይ የልጅዎም ፎቶ ይውጣ" አለ።

እኔ ዘንድ ፎቶ የለም። ሰው እንዳያየው ብዬ አንድም ቀን ፎቶ ቤት አልወሰድኩትም። እናትሽ ተደብቃ ያስነሳችውን አንቺ ይዘሽው ሄደሻል።

ብትቀየሚኝ እውነት አለሽ። እባክሽ ግን ቅጂውን ላኪልኝ፤ መልኩ እየጠፋብኝ ነው።

የእናትሽ ምርቃት ሁሉ ይድረስልሽ፤ የኔም የሚሰማ ከሆነ ይጨመርልሽ።

አባትሽ