ስለ ብሩኬ ገረመው ዕረፍት፣ እናታቸው መርዶ እስኪነገራቸው ድረስ በወረቀት ብቻ የሚታደል መግለጫ

ለፍሌሚንግደን ፓርክ መረዳጃ ማኅበራችን አባላት በሙሉ፣
ኦክቶበር 9 ቀን 2014፣ ቶሮንቶ

የ«ሎንድሪ ሩም» ሮክ ባንድ መሥራችና ጊታር ተጫዋች፣ የማኅበራችን የወጣቶች ክፍል ኃላፊ አርቲስት ብሩኬ ገረመው ትናንት ረቡዕ ጠዋት በድንገተኛ የልብ ሕመም በሠላሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ማኅበሩ እጅግ አዝኗል። ሆኖም ድምፃችንን አውጥተን ማልቀስ አልቻልንም፤ እናታቸው ወይዘሮ ጽጌ ገና አልሰሙም።

አርቲስት ብሩኬ ባንዱን በ2002 የመሠረቱት ከከበሮ መቺው ከፋሩቅ ጋር፣ በሚኖሩበት ሕንፃ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነበር። የማድረቂያዎቹ ጩኸት ጊታሩን ይሸፍንልናል፣ ጎረቤት አይከሰንም ብለው ነበር፤ ጎረቤት ግን ከሰሰ። በወቅቱ የተግሣጽ ደብዳቤ ከጻፉት አንዱ ይኸው ማኅበር እንደነበር አንሸሽግም።

በ2005 የመጀመሪያ አልበማቸውን በእንግሊዝኛ አወጡ። ጥቂት ሰው ሰማው።

በ2008 ፋሩቅ ለሥራ ወደ ካልጋሪ በመሄዳቸው ባንዱ ተበተነ። ሁለት ዓመት ቆይተው ሲመለሱ ድምፃዊት ሩሃማ ተቀላቀሉ፤ ግጥሙም አማርኛ ሆነ። ጊታሩን በባቲ ቅኝት ሲጫወቱት ትልልቆቻችን ሳይቀሩ ጆሯቸውን ሳይዙ አዳመጡ። በ2012 በአንድ አሮጌ ቫን ከሃሊፋክስ እስከ ቫንኩቨር ዞረዋል።

ወይዘሮ ጽጌ ይህን ሁሉ የሰሙት በስልክ ብቻ ነው። ከስንት ልመና በኋላ ቪዛ አግኝተው፣ ኦክቶበር 18 የሚቀርበውን ኮንሰርት ለማየት ከደሴ ተነሥተው ቅዳሜ ጠዋት ፒርሰን ኤርፖርት ይደርሳሉ። የወይዘሮ ጽጌ ወንድም አቶ ስለሺ «ብቻዋን መንገድ ላይ አትረዳም። ትምጣ፤ እሁድ ማለዳ ስካርቦሮ ቤቴ፣ ሽማግሌዎች ባሉበት ይነገራታል» በማለታቸው ቀብሩ ለማክሰኞ ተላልፏል።

ይሁን እንጂ ትናንት ስሕተት ተፈጽሟል። እዚሁ ተወልደው ያደጉት ሩሃማ በባንዱ ፌስቡክ ላይ ሻማና ፎቶ ፖስት አድርገዋል። ስንደውልላቸው እያለቀሱ «ሶሪ፣ መርዶ እንደዚህ መሆኑን አላወቅኩም፤ አሁኑኑ ዲሊት አደርገዋለሁ» ብለው አጥፍተውታል። ሃምሳ ደቂቃ ግን ቆይቷል፤ ማን እንዳየው አናውቅም። ዛሬ ደግሞ ወይዘሮ ጽጌ ወደ ማኅበራችን ቢሮ ደውለው «ብሩኬ ስልክ አያነሳልኝም፤ ልጄ ደህና ነው?» ብለዋል። ጸሐፊያችን «ልምምድ ላይ ነው» ሲሉ መልሰዋል። ውሸቱን ማኅበሩ በጋራ ይሸከማል።

ስለዚህ እስከ እሁድ ማለዳ ማንም ወደ ደሴ እንዳይደውል፣ ይህንንም ወረቀት ፎቶ አንስቶ እንዳይልክ አጥብቀን እንለምናለን። ጥቁር የለበሰ፣ አልቅሶም ዓይኑ ያበጠ ሰው ኤርፖርት እንዳይመጣ።

ለአቶ ስለሺ፣ ለፋሩቅ፣ ለሩሃማና ለወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ለወይዘሮ ጽጌም እንመኛለን፤ ልንነግራቸው ግን አንችልም።

ቅዳሜ ከበሩ ሲወጡ መጀመሪያ የሚፈልጉት ልጃቸውን ነው። ከዚያ እስከ እሁድ ማለዳ ሙሉ ቀንና ሙሉ ሌሊት አለ። የሥራ አመራር ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ ምን እንደሚላቸው አላገኘም። የሚያውቅ አባል ካለ እባካችሁ፣ ከቅዳሜ በፊት ይንገረን።